«ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ?» ስለ ጭንቀት መድኃኒት ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር፣ ለአዲስ አበባ ጤና ቢሮ፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ

ፋርማሲስት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሰፈር መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሰዎች ማዘዣቸውን አጣጥፈው ይመጣሉ። ከኋላ የቆመው ሰው እንዳይሰማቸው ወደ ባንኮኒው ጠጋ ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህቴ፣ እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄን ነገር ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ?» ይሉኛል።

የታዘዘው የጭንቀት መድኃኒት ነው። ማዘዣው ፊርማ አለው፣ ማህተም አለው። ሰውየው ግን የመድኃኒቱን ስም እንኳ በቅጡ አያውቀውም። መቼ መሥራት እንደሚጀምር፣ መጀመሪያ ሰሞን ምን ሊሰማው እንደሚችል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወስደው፣ ሲያቆም እንዴት እንደሚያቆም የነገረው የለም። ሐኪሙን ለመውቀስ አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ነገር ባንኮኒ ላይ ቆሞ አይወሰንም። አሁን እየተወሰነ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ካልሆነም ጎረቤት ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት።

ጊዜው ለማንም ቀላል አይደለም፣ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ኑሮው ተወዷል። ቤታችሁ ለልማት ይነሳል ተብለው ቀን የሚቆጥሩ ቤተሰቦች አሉ። ከጦርነቱ ወዲህ እንቅልፍ ያልተመለሰለት ሰው አለ። ልጇ በየመን በኩል ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ ስልኩ የጠፋባት እናት አለች። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ ደግሞ ፈተናው ሲቃረብ ተማሪዎች «ልብ የሚያረጋጋ ነገር» ፍለጋ ይመጣሉ። ፕሮፕራኖሎልን በስሙ ጠርተው የሚጠይቁ አሉ። አስም ያለበት ሰው ቢወስደው ትንፋሽ ሊያሳጥረው እንደሚችል ግን ስሙን የነገራቸው ሰው አልነገራቸውም።

እነዚህ ሁሉ ታመዋል ወይ? አብዛኞቹ አልታመሙም። ቤቱ ሊፈርስ የተቃረበ ሰው ባይጨነቅ ነው የሚገርመው። ለእነሱ የሚያስፈልጋቸው የሚያዳምጥ ሰው፣ እንቅልፍ፣ ትንሽ የእግር መንገድ፣ ቡና መቀነስ ሊሆን ይችላል። (ቡና ስል ከልቤ ነው። አቦል ቶናውን በባዶ ሆድ ጠጥቶ «ልቤ ይመታል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጫትም እንደዚሁ፣ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን ድብርትና ፍርሃት ብዙዎች ከጫቱ ጋር አያያይዙትም።)

ግን ከእነሱ መሀል በእውነት የታመሙ አሉ። ያስጨነቃቸው ነገር ካለፈ በኋላም ጭንቀቱ አልለቅ ያላቸው። ለወራት ሆዳቸውን ባር ባር የሚላቸው። ታክሲ ውስጥ ድንገት ደረታቸው ታፍኖ «ልሞት ነው» ብለው የሚወርዱ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ታክሲ መሳፈር ያቆሙ። ሥራ ቦታ ስልክ ሲጠራ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ መጀመሪያ እኔ ጋ የሚመጡት ኦሜፕራዞል ሊገዙ ነው። «ጨጓራ ነው» ተብለዋል። ኤንዶስኮፒ ታይተው፣ የባክቴሪያ መድኃኒት ወስደው ጨርሰው፣ የልብ ምርመራ (ECG) ተነስተው «ልብህ ጤነኛ ነው» ተብለው ወደ ቤት ተልከዋል። ልቡ ጤነኛ መሆኑ ጥሩ ዜና ነበር፣ ግን ታዲያ ምንድን ነው የሚያመኝ ብሎ ሲጠይቅ የመለሰለት የለም። በሌላ በኩል ደግሞ «ጭንቀት ነው» ተብለው የእንቅርት ዕጢያቸው ሆርሞን በዝቶ የተገኘ አሉ። ልብ መምታት፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ መክሳት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሁሉም ከእሱም ይመጣል። አንድ የደም ምርመራ ይለየዋል። መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ይህ ቢታይ ምን አለበት?

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰዎች «የጭንቀት መድኃኒት» ሲሉ አንድ ነገር ይመስላቸዋል። አንድ አይደለም። በጣም የተለያዩ ሁለት ቤተሰቦች አሉ፣ ብዙው መከራም የሚመጣው ሁለቱን ከማምታታት ነው።

አንደኛው ዲያዜፓም፣ ብሮማዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ አልፕራዞላም የሚባሉት ያሉበት ቤተሰብ ነው። ቶሎ ይሠራሉ። በግማሽ ሰዓት፣ በአንድ ሰዓት ሰውነትን ያላላሉ። ለዚህ ነው የሚወደዱት። ግን በየቀኑ ሲወሰዱ ሰውነት በጥቂት ሳምንታት ይለምዳቸዋል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እንዳያልፍ የሚመከረው ለዚህ ነው። ለረጅም ጊዜ ወስዶ በአንድ ቀን ያቆመ ሰው ከበፊቱ የባሰ ጭንቀት ሊመጣበት፣ ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊጥለውም ይችላል። ከአልኮል ወይም ትራማዶል ከሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር ሲሆን ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ስለ ሱስና ስለ ማቋረጥ ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። ይህን የምለው «ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ችግር የለውም» ተብሎ ከሻንጣ ወጥቶ ለአክስት፣ ለእናት የሚታደለውን ዛናክስ ስለማውቅ ነው። ዛናክስ ማለት አልፕራዞላም ነው። አገሩ ላይ በማዘዣ የሚሸጥ፣ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት መድኃኒት እዚህ በስጦታ ይታደላል።

ሁለተኛው ቤተሰብ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ያሉበት ነው። እነዚህ ቶሎ አይሠሩም። ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንዲያውም ጭንቀቱን ትንሽ ሊያብሱት ይችላሉ። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መዛባት አለ። የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንሱ ይችላሉ፣ ይህን ደግሞ ማንም አይነግራቸውም፣ እነሱም አፍረው አይጠይቁም፣ ዝም ብለው መድኃኒቱን ይተዉታል። እንደ ዲያዜፓም አምሮት አያስይዙም። ግን በአንድ ጊዜ ከተቋረጡ ማዞር፣ መነጫነጭ፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኮረንቲ ያለ ንዝረት ሊያመጡ ይችላሉ፣ ስለዚህ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሱት። ሰው ከተሻለው በኋላም ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት መቀጠል ይመከራል። ዕድሜ ልክ ማለት አይደለም። ሃያ አምስት ዓመት ባልሞላው ወጣት ላይ ደግሞ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይመጣ ቤተሰብ በቅርብ መከታተል አለበት።

ይህን ሁሉ ለመናገር አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አምስት ደቂቃው ስለጠፋ የሚሆነውን ልንገራችሁ።

አንድ ወጣት ሰርትራሊን ታዞለት ከእኛ ወሰደ። ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ መጣ። ስትሪፑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። «ውሰጂው፣ ሊያሳብደኝ ነው» አለኝ። ከንፈሩ ደርቋል፣ እግሩ አንድ ቦታ አይቆምም። መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ እንደሌለው፣ ልቡ ከበፊቱ ይበልጥ እንደሚመታ ነገረኝ። እናቱ «ድሮም ብዬህ ነበር» ብላዋለች። የወሰደው ሙሉ ፍሬ ነው፣ ያውም ማታ ማታ። ወደ ውስጥ አስገብቼ ወንበር ሰጠሁት። ይህ መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ሰው ላይ የሚታይ እንደሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያልፍ ነገርኩት። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፣ የለም አለ። እዚያው ሆነን ሐኪሙ ጋ ደወልን። ሐኪሙም በግማሽ ፍሬ እንዲጀምር፣ ጠዋት ከቁርስ በኋላ እንዲወስደው ነገረው። ከስልኩ በኋላ የተናገረውን አልረሳውም። «ይሄ እንደሚመጣ ቀድሞ ቢነገረኝ እኮ አልፈራም ነበር» አለ። ስልክ ቁጥር ባይኖረን ኖሮ፣ ሐኪሙም ባያነሳ ኖሮ፣ ያ ልጅ መድኃኒቱን ጥሎ «ሞክሬው ነበር፣ እኔ ላይ አይሠራም» እያለ ይኖር ነበር።

ሌላኛዋ ሐዘን ላይ ያለች ሴት ነበረች። ጥቁር ለብሳለች። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ባዶ ስትሪፕ አወጣችና «ይሄ አላችሁ?» አለችኝ። ዲያዜፓም ነው። ባለቤቷ የሞተ ሰሞን፣ ለቅሶ ቤት፣ አንዲት ጎረቤት «እስቲ ይቺን ዋጪና ትንሽ ተኚ» ብላ ሰጥታታለች። ጎረቤቷ በክፋት አላደረገችውም፣ ሰው ሲያለቅስ ማየት ከብዷት ነው። ከሰልስቱ በኋላም ቀጠለች፣ ከአርባውም በኋላ ቀጠለች። አሁን ያለ እሱ እንቅልፍ የሚባል የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሐዘን ላይ ላለ ሰው እነዚህን መድኃኒቶች አትስጡ ብሏል። ሐዘን በሽታ ስላልሆነ ነው። እኛ አገር ደግሞ ለሐዘን የሚሆን ሥርዓት ሞልቷል። ድንኳን አለ፣ እድር አለ፣ ሰልስት አለ፣ ሰውን ብቻውን የማይተው ጎረቤት አለ። ያለ ማዘዣ አልሸጥኩላትም። ሂደሽ ታዪ ብዬ ብቻ አልሸኘኋትም፣ በድንገት እንዳታቆም አስረድቼ፣ ቀስ ብሎ የሚያስቀንሳት ሐኪም ያለበትን ቦታ ጽፌ ሰጠኋት። ግን ከእኔ ወጥታ ሁለት መድኃኒት ቤት ካለፈች በኋላ ያለ ማዘዣ የሚሸጥላት እንደምታገኝ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ የቁጥጥር ሰዎችም ያውቃሉ።

አሁን «ታዲያ ይወሰድ ወይስ አይወሰድ?» ለሚለኝ፣ የእኔ አቋም ይኸው ነው። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው አለ፣ እሱን «በርታ» ማለት ጭካኔ ነው። መብላት፣ መተኛት፣ መሥራት ላቃተው፣ ቤቱ ውስጥ ተዘግቶ ለቀረ ሰው ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሴቲን ሕይወት ይመልሳል። ሲመልስ አይቻለሁ። መድኃኒት የማያስፈልገው ሰውም አለ፣ እሱን ደግሞ ኪኒን ሰጥቶ መሸኘት ችግሩን አለመስማት ነው። ከሁለቱ መሀል ያለው ሰው ነው ብዙው። ለእሱ «ሁለት ሳምንት እንይና ተመለስ» ማለትም ሕክምና ነው፣ ቀጠሮው እውነተኛ ከሆነ። ወስኖ «አሁን አልጀምርም» ያለ ሰው ሰነፍ ታካሚ አይደለም። ወስኖ የጀመረም ደካማ አይደለም። የሚያስቆጨኝ ሳይወስን የሚጀምረውና ሳይወስን የሚተወው ነው።

የመድኃኒት ጉዳይ ሲነሳ በንግግር የሚሰጠውን ሕክምናም ማንሳት ግድ ነው። ለጭንቀት በደንብ ይሠራል፣ ብዙ ሰው ላይ ከመድኃኒት አያንስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው አንድ አሠራር አለ፣ በአምስት ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ፣ ሳይኮሎጂስት ያልሆነ ግን የሠለጠነ ሰው የሚሰጠው። ለእኛ የተሠራ ነው የሚመስለው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሠልጥኖ ቤት ለቤት የላከ አገር ይህን አይችልም የሚለኝ ካለ አልሰማውም። አሁን ግን ብዙው ሰው የንግግር ሕክምና የሚያገኘው በግል ከፍሎ ነው። ዋጋውን አይቶ «ኪኒኑ ይሻለኛል» የሚል ሰው ባንኮኒዬ ላይ አለ። ይህ ምርጫ ሊባል አይችልም።

የተሠራውን ሥራ አልክድም። ሳይካትሪስት ለመሆን ውጭ አገር መሄድ ግድ የነበረበት ዘመን አልፏል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 እ.ኤ.አ. እዚሁ ማሠልጠን ጀምሯል። የአእምሮ ጤና ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣውን መርሐ ግብር ቀድመው ከጀመሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነች። የመርሐ ግብሩ መመሪያ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲታደስ ጭንቀት ራሱን ችሎ ገብቷል። እዚያ ላይ የተጻፈው ግልጽ ነው፣ ዲያዜፓምና መሰሎቹ ለጭንቀት ሕመም መደበኛ ሕክምና ሆነው አይመከሩም። ታዲያ ለምንድን ነው አሁንም የሰፈሩ ሰው ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ዲያዜፓምን የሆነው? መልሱ ቀላል ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚገኘው እሱ ነው። ሰርትራሊን ጠፍቶ የሚከርምበት ጊዜ አለ። ቀስ ተብሎ መቀነስ ያለበትን መድኃኒት አቅርቦቱ በአንድ ቀን ያስቆመዋል። የስኳር መድኃኒት ቢጠፋ ይጮሃል፣ ይህ ሲጠፋ ግን የሚጮህ የለም፣ ምክንያቱም የሚወስደው ሰው መውሰዱን ደብቆ ነው።

መደበቁ ሌላው ቁስል ነው። አማኑኤል ሆስፒታል በር ላይ እንዳይታዩ ብለው ከሰፈራቸው ርቀው እኔ ጋ የሚመጡ አሉ። ስማቸው የተጻፈበትን ማዘዣ መልሱልን የሚሉ አሉ። ሕጉ አስቀሩ ይለናል፣ እናስቀራለን፣ እነሱ ግን የት እንደሚደርስ ሲጨነቁ ያድራሉ። ማዘዣው ምሥጢር ሆኖ እንደሚጠበቅ በሰው ቋንቋ የሚነግራቸው ቢኖር ያ ፍርሃት ይቀል ነበር።

ለሃይማኖት አባቶችም አንድ ነገር ልበል። ጸበል የሚጠመቁ፣ ሩቅያ የሚያስቀሩ ታካሚዎች ብዙ ናቸው፣ ከዚያ ብርታት እንደሚያገኙም አይቻለሁ። የምለምነው «መድኃኒቱን ጣል» እንዳትሏቸው ብቻ ነው። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር እንደማይጣላ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያ ቃል የስንት ሰው ነፍስ እንዳተረፈ እግዚአብሔር ያውቃል። ለጭንቀት መድኃኒትም እንዲህ ያለ ድምፅ ያስፈልገናል፣ ከሁሉም በኩል።

ለቤተሰብ ደግሞ። ልጃችሁ፣ ሚስታችሁ፣ ወንድማችሁ መድኃኒት ከጀመረ ኪኒኑን አትደብቁበት። «ያጃጅልሃል፣ ያፈዝሃል» አትበሉት። ካላመናችሁበት አብራችሁት ሐኪሙ ጋ ሂዱና ጠይቁ። «መሞት ይሻለኛል» ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ሰዓት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት ካለች በራሷም አታቁም፣ በራሷም አትጀምር። ለእሷ የሚሆን አማራጭ አለ፣ ግን ከሐኪም ጋር ነው የሚመረጠው።

ከእናንተ የምጠይቀው ታዲያ ምንድን ነው? ብዙ ነገር መጠየቅ ይቻል ነበር። አቅርቦቱን አስተካክሉ፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ተቆጣጠሩ፣ የንግግር ሕክምናውን ጤና ጣቢያ አስገቡ። እነዚህ ጊዜና ገንዘብ እንደሚፈልጉ ይገባኛል። ነገ ሊጀመር የሚችል ግን አንድ ነገር አለ።

የመድኃኒቱ ሳጥን ውስጥ ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም ከጤፍ ያንሳል። ያም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለታካሚው አይደርስም። ስትሪፕ ቆርጠን፣ ትንሽ ፖስታ ውስጥ ከተን፣ ላዩ ላይ «1 × 1» ብለን ጽፈን ነው የምንሰጠው። አንድ ሰው ለአንድ ዓመት ሊወስደው ስለሚችለው መድኃኒት ከእኛ የሚያገኘው ጽሑፍ ያ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁልን። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ። የጭንቀት መድኃኒት ሲታዘዝ አብሮ ይሰጥ። ይህ መድኃኒት ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ፣ መቼ መሥራት እንደሚጀምር፣ መጀመሪያ ሰሞን ምን እንደሚጠበቅ፣ ከምን ጋር እንደማይወሰድ፣ እንዴት እንደሚቆም፣ ምን ሲመጣ ቶሎ መመለስ እንዳለበት ይጻፍበት። ከታች ሐኪሙ የተመላሽ ቀን የሚሞላበት ቦታ ይኑረው፣ ቀኑም ከሁለት ሳምንት አይለፍ። የሚደወልበት ስልክ ይኑረው። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ «ይህን መድኃኒት አሁን መጀመር ካልፈለጉ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ሌላ አማራጭ አለ።»

ይህን መስመር አንብቦ መድኃኒቱን የሚተው ሰው ይኖራል ብላችሁ አትስጉ። አንብቦ የሚጀምረው ሰው ነው የሚጨርሰው።

ረቂቁን እኔና የሥራ ባልደረቦቼ በአማርኛ ጽፈነዋል። አንድ ገጽ ነው። አንድ ሳይካትሪስት አይቶ አርሞልናል። ለማሳተም ዋጋ አጠያይቀናል፣ ከባድ አይደለም። የእናንተ ማህተም ሳይኖረው ግን ለታካሚ ልንሰጠው አንችልም፣ ባንሰጥም ትክክል ነው። የትኛው ክፍል፣ የትኛው ቢሮ ላምጣው?